ግማሽ ሜትር የዘለለችው ወለንጪቲ

ጓደኛዬ ዲንቄ ጫምሳ ስልክ ስትደውል «ሄሎ» አትልም፤ ከወሬው መሃል ነው የምትጀምረው። ስትደሰት ደግሞ ትሮጣለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የልጅ እናት፣ አዳማ ውስጥ ስሟ የታወቀ ቀያሽ ናት፤ ግን ደስ የሚል ነገር ከሰማች አስፋልት መሃል ላይም ቢሆን ትሮጣለች። እኔ ሑስና እባላለሁ፤ እዚሁ አዳማ በአንድ የግል ኮሌጅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስተምራለሁ። ይህን ታሪክ እኔ ብተርከው ይሻላል፤ እሷ ከጀመረችው መጨረሻውን አስቀድማ ትናገርባችኋለች።

ተወልዳ ያደገችው ወለንጪቲ ነው። አባቷ ኦቦ ጫምሳ ጤፍና በቆሎ ያርሳሉ። አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ የሰኔ መጀመሪያ ጠዋት፣ ሲወርድ ካደረ ዝናብ በኋላ፣ ማሳቸው ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ትናንት በሬ የተመላለሰበት መሬት ላይ አህያ የሚውጥ ስንጥቅ ተጋድሟል፤ ጫፉ የጎረቤት አጥር ስር ገብቷል። መንደሩ ተሰበሰበ። የጸለየም፣ ያለቀሰም ነበር። ኦቦ ጫምሳ ግን ድንጋይ ጣሉበትና ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«አባ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለች ዲንቄ።

«እኔ እንጃ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ በኦሮምኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «መሬትም እንደ ሰው ትንጠራራለች መሰለኝ።»

የሳይንስ መምህሯ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ስምጥ ሸለቆ አስረዱ። ሸለቆው ቀስ በቀስ እየሰፋ ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃሉ አሉ። ዲንቄ እጇን አወጣች። «ሲሄድ ማየት ይቻላል?» በዓይን አይቻልም አሏት። «ታዲያ በምን ይቻላል?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ መልስ ሳይሰጡ ደወሉ ተደወለ።

ቅየሳ የተማረችው በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሥራው ግን ሌላ ነበር። የመንገድ ጠርዝ፣ የቤት ቦታ ወሰን፣ የቦይ ቁልቁለት፤ ከሞጆ እስከ መተሃራ በፀሐይ ኮፍያዋና በሦስት እግር መሣሪያዋ ያልቆመችበት ሜዳ የለም። ባሏ ኦሊቃ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚጭን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይገናኙና ጥሩንባ ነፍቶላት ያልፋል። ኑሮዋ መልካም ነበር። ያ የልጅነት ጥያቄ ግን ውስጧ እንደተቀመጠ ነው።

ከዚያ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ የከረመበት ዓመት መጣ። እኔና ዲንቄ ፍራንኮ ሰፈር አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ነበር። የአቮካዶ ጭማቂያችን ብርጭቆው ውስጥ መወዛወዝ ጀመረ። አንድ ሰው «ውጡ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ወደ መንገዱ ወጣን። እኔ «ያ አላህ» እያልኩ የምይዘው ሳጣ፣ ዲንቄ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብላ መዳፏን መሬት ላይ አሳርፋለች።

«እየሄደች ነው!» አለችኝ ቀና ብላ።

«ማን?»

«ምድር ናታ! ከእጄ ሥር!»

በቀጣዩ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጋር ከአዋሽ በኩል ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ብርድ ልብስ ይዛ ሄደች። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆናለች። አንዲት እናት «አስቀድሞ የሚለካት ሰው ቢኖር» እንዳለቻት ነገረችኝ። «መንቀጥቀጡን ማንም አስቀድሞ አያውቀውም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ «መለካቱን ግን እኔ እችላለሁ። ሙያዬ ነው።»

የምትሠራበት ቢሮ አዳዲስ የጂፒኤስ መሣሪያ ሲገዛ ሁለት አሮጌዎች ጥግ ተጥለው ነበር። አለቃዋን ለምና ወሰደቻቸው። አንደኛውን ወለንጪቲ፣ አባቷ ማሳ ዳር ካለ ዓለት ላይ ኮንክሪት አፍስሳ ተከለች። ሌላኛውን ሞጆ አማቷ ግቢ፣ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ አስቆፍራ አቆመች። ለእያንዳንዳቸው የሶላር ሰሌዳና መዳፍ የማትሞላ ርካሽ የኮምፒዩተር ቦርድ አገኘች። ኮዱን እኔ እያሳየኋት ራሷ ጻፈችው። የሳተላይት ልኬት በቀን ውስጥ ይዋልላል፤ ቦርዷ የቀኑን ንባብ ሰብስባ፣ አማካዩን አውጥታ፣ በስልክ መስመር ትልክላታለች። «የቀኑ አማካይ ይረጋል» ትላለች ዲንቄ። «የወራት ሲሆን ደግሞ ሚሊሜትር ያሳይሻል።»

ከዚያ ጠበቀች። በየጠዋቱ ላፕቶፗን የምትከፍተው ዶሮዋ እንቁላል ጥላ እንደሆነ እንደሚያይ ሰው ነበር። መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነው። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ፤ ቀጥ። አንድ ሚሊሜትር እንኳ ወዲህም ወዲያም አይልም። «ይህን ያህል መርጋት ደግሞ ምንድን ነው?» ትል ጀመር።

አንድ ቀን ተማሪዎቼን እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። ሳላስበው ድምፁን ለሁሉም ከፍቼዋለሁ።

«ሑስና! ወለንጪቲ ግማሽ ሜትር ዘለለች!»

ተማሪዎቼ ብድግ አሉ። አንዷ የወለንጪቲ ልጅ ናት፤ ወዲያው እናቷ ጋ ደወለች። ዲንቄ ደግሞ አባቷ ጋ ደውላ ኖሯል። የተባባሉትን በኋላ እየሳቀች ነግራኛለች።

«አባ፣ ቤቱ ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«ግድግዳው አልተሰነጠቀም?»

«ኧረ ምን ነክቶሻል፣ ላሚቱ እንኳ ተኝታ እያመነዠከች ነው!»

በማግስቱ ወለንጪቲ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ እንደገና ዘለለች። ዲንቄ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ኮሌጅ መጣች። ቁጥሮቹን ደረደርናቸው። መዝለሉ ሁልጊዜ ግማሽ ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር ገደማ አይደለም፤ ልክ ግማሽ።

«ዲንቄ» አልኳት፣ «መሬት ሜትር ይዛ አትዘልም። የዘለለችው ወለንጪቲ አይደለችም፤ ቁጥሩ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ ርካሽ ቦርድ ነጥብ ያለበትን ቁጥር ስትይዝ ወደ ሰባት አሃዝ ብቻ ነው የምታስታውሰው። የዲንቄ መሣሪያ ደግሞ ቦታን የሚናገረው ከምድር እምብርት ጀምሮ ነው፤ ወለንጪቲ በአንደኛው አቅጣጫ ከዚያ እምብርት ከአራት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሰባቱ አሃዝ ለሜትሩ ብቻ ያልቃል። ለሚሊሜትሩ የሚተርፍ የለም። በዚያ ርቀት ላይ ቦርዷ ያላት ማስመሪያ በየግማሽ ሜትሩ ብቻ ምልክት ያለው ነው፤ መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ቅርቡ ምልክት ታጠጋጋዋለች። ዲንቄ ኮዱን ስትጽፍ «እጥፍ» የሚል ስም ያለውን የቁጥር ዓይነት መርጣ ነበር። በትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ዓይነት ስሙን ያከብራል፤ እጥፍ አሃዝ ይይዛል። በዚያች ቦርድ ላይ ግን እጥፍ የሆነው ስሙ ብቻ ነው።

ዲንቄ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ስለዚህ ያ ሁሉ ወር የላከችልኝ...»

«የተጠጋጋ ነው።»

«ቆይ፣ አንቺ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ዴሲማል የሚባል ነገር አለ ብለሽኝ አልነበር? የፈለግሽውን ያህል አሃዝ እንዲይዝ የምታዢው? ሃምሳ አሃዝ እንዘዘው!»

አዘዝነው። ፓይተን በምጽፍበት ላፕቶፕ ላይ ሃምሳ አሃዝ ጠየቅን፤ ሰጠን። ከነጥቡ በኋላ አንድ አምስት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው የዜሮ ሰልፍ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ቦርዷ አንዴ የጣለችውን አሃዝ የትኛውም ብልህ ቋንቋ አይመልሰውም።

ላጽናናት ቃል እየፈለግኩ ሳለሁ ዓይኗ የላፕቶፑ ማያ ላይ ተተከለ።

«ሑስና፣ ወደ ቅርቡ ምልክት ነው የሚያጠጋጋው አይደል?»

«አዎ።»

«ወራቱን ሙሉ ታችኛው ምልክት ላይ ነበር። አሁን አንድ ቀን ላይ፣ አንድ ቀን ታች ይላል። እንዲህ የሚያመነታው እውነተኛው ቁጥር የሁለቱ ምልክቶች መሃል ድንበር ላይ ሲደርስ ነው፤ እንደዚያ አይደል?»

«አዎ...»

«ታዲያ ድንበሩ ጋ ምን አደረሰው?»

እርስ በርስ ተያየን።

«ሄዳ ነዋ!» ብላ ጮኸች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። እስከ ደረጃው ሮጣ ተመለሰች። የሬጅስትራሯ ወይዘሮ ፀዳለ በር ከፍተው «ምን ሆናችሁ?» አሉን። «ምድር ሄደች!» አለቻቸው ዲንቄ። ወይዘሮ ፀዳለ ወዲያው ቦርሳቸውን አንስተው ለመውጣት ተነሱ፤ በስንት ልመና አስቀመጥናቸው።

ይህ ማስረጃ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። መሣሪያው ትንሽ ቢዛባም ቁጥሩ እንደዚያው ሊያመነታ ይችላል። ቢሆንም የዲንቄ ሐዘን በዚያው ጠፋ። «እንደገና እንጀምር» አለች። «መሬቷ እንደሆነች እኛን ብላ አትቆምም።»

ሁለተኛው ሙከራ መጀመሪያ ላይ አሳቀን። ነጥቡ ነው ያበላሸን፤ ነጥቡን እናስወግድ ብለን፣ ሜትሩን ትተን ሁሉንም በሚሊሜትር ሙሉ ቁጥር አደረግነው። ቦርዷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠን ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ ያለውን ርቀት እንድታሰላ ጠየቅናት። ርቀት ለማግኘት ልዩነቱን በራሱ ማባዛት ያስፈልጋል። አባዛች፤ ውጤቱም ከዜሮ በታች ሆኖ ወጣ።

«ወለንጪቲ ለመድረስ ከመነሳቴ በፊት ደርሻለሁ ማለት ነው?» አለች ዲንቄ እየሳቀች።

እኛ በመረጥነው ዓይነት ቦርዷ የምትይዘው ሙሉ ቁጥር ከሁለት ቢሊዮን ብዙም አያልፍም፤ የወለንጪቲ ቦታ ግን በሚሊሜትር ሲነገር ብቻውን ከአራት ቢሊዮን ይበልጣል፤ ሲባዛማ ጭራሽ። ያ ሲሞላ እንደ ኪሎሜትር ቆጣሪ ይዞርና ከታች ይጀምራል። እዚያው ወሰንን፤ ቦርዷ ከእንግዲህ ሂሳብ አትሠራም። ከሳተላይት መሣሪያው የመጣውን ንባብ አሃዝ በአሃዝ፣ ልክ እንደ ጽሑፍ፣ ሳትነካ ትላክ። አማካዩንም ርቀቱንም እዚህ አዳማ፣ በፓይተን እንሠራዋለን።

እውነቱን ልናገር፣ በትልቁ ኮምፒዩተር ላይ የተለመደው ነጥብ ያለው ቁጥርም ለሚሊሜትር ይበቃ ነበር። ዲንቄ ግን አልሰማ አለችኝ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያደረግነውን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል።

«ይሄስ ስንት ድረስ ይይዛል?» አለችኝ።

«ሙሉ ቁጥር ከሆነ ወሰን የለውም። ማሽኑ ቦታ እስካለው ድረስ ይዘልቃል።»

«አትቀልጂ።»

«ሁለትን በራሱ ሺህ ጊዜ አባዢበት።»

ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። ማያው በቁጥር ሞላ፤ ከሦስት መቶ አሃዝ በላይ፣ አንድም ሳይጠጋጋ። ጣቷን ማያው ላይ እያስኬደች «ይቺም ልክ ናት? ይቺም?» ትላለች። «ሁሉም ልክ ናቸው።» ከዚያ መቆም አልቻለችም። ከአንድ እስከ ሺህ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ አባዛቻቸው፤ ማያው ሞልቶ እየተንሸራተተ ወረደ። ከዚህ እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር አስገባችና ካሬ አደረገችው፤ ማሽኑ ዓይኑን አላሸም። ተማሪዎቼ ዙሪያዋን ከበቡ፤ እያንዳንዱ የራሱን ግዙፍ ቁጥር ያቀብላታል። የኮሌጁ ኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ገበያ መሰለ።

ነጥብ ያለውንም አሳየኋት። አንድ አሥረኛ ሲደመር ሁለት አሥረኛ አስጻፍኳት። ዜሮ ነጥብ ሦስት፣ ከዚያ ረጅም የዜሮ ተርታ፣ መጨረሻው ላይ አንዲት አራት።

«ይቺ አራት ከየት መጣች?» አለች ተቆጥታ።

«ማሽኑ የሚቆጥረው በሁለት ሁለት ነው። እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል ሦስት ሦስት እያልን እንደማንጨርሰው፣ እሱም አንድ አሥረኛን ጽፎ አይጨርሰውም፤ የሆነ ቦታ ይቆርጠዋል። ዴሲማል ግን እንደኛ በአሥር ይቆጥራል። ብቻ ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ አድርገሽ ስጪው። ራቁቱን ከሰጠሽው ከተቆረጠ በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«እንደ ቦርዷ ማለት ነው!»

«እንደ ቦርዷ።»

በጥቅስ ምልክት ጻፈችው። ዜሮ ነጥብ ሦስት ወጣ፤ ከኋላው ምንም የለም። «ሀሌሉያ!» ስትል ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

አዲሱ ልኬት በመስከረም ጀመረ። ጥቅምት ላይ መስመሩ ቀጥ አላለም፤ እንደ ሕያው ነገር ይንቀጠቀጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ «አትቸኩዪ» እያልኩ እጇን ያዝኳት። እውነቱን ለመናገር የቸኮልኩት እኔም ነኝ፤ ከክፍል ስወጣ ቀድሜ የማየው ያንን ገጽ ሆነ። ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ላቦራቶሪ ተገናኝተን ሁሉንም ቀናት በአንድ ሥዕል አወጣናቸው። ነጥቦቹ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ፤ በመሃላቸው ያለፈው መስመር ግን ሽቅብ ይወጣል። ለዘብ ያለ፣ ግን የማያሻማ ዳገት። በሞጆና በወለንጪቲ መካከል ያለው ርቀት በእነዚያ ወራት አራት ሚሊሜትር ያህል ጨምሯል።

ዲንቄ በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች፤ ዓይኗ ሞላ። «አየኋት» አለች ቀስ ብላ። «ሑስና፣ ስትሄድ አየኋት።» አቀፍኳትና ሁለታችንም እንደ ሕፃን ዘለልን። «አልሃምዱሊላህ» እላለሁ፣ «ጌታ ይመስገን» ትላለች፤ ማን የቱን እንዳለ ግን አላስታውስም።

ውጤቱን አዲስ አበባ ለሚገኙ የሥነ ምድር ተመራማሪ ለዶክተር አብዱልመናን ላክንላቸው። የእሳቸውም ጣቢያዎች በዚያ አካባቢ አሉ። እስኪመልሱ ድረስ ዲንቄ ስልኳን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዛ ትገባ ነበር። ደወሉና ብዙ ጠየቋት፤ ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ዛፍ አንቴናውን ይጋርደው እንደሆነ፣ አማካዩን እንዴት እንደወሰደች። በመጨረሻ «ከእኛ ጋር ይስማማል። በእኛና በእናንተ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሞላችሁልን» አሉ። «ንባባችሁን በየወሩ ላኩልኝ፤ እባካችሁ ሳታጠጋጉት።»

«ኧረ ዶክተር፣ ለማጠጋጋት እንኳ እጄ አይታዘዝልኝም!» አለቻቸው።

በማግስቱ አባቷ ጋ ሄድን። ኦቦ ጫምሳ «አካም ጂርቱ?» ብለው ተቀበሉንና ወንበር አወጡ። ዲንቄ ሥዕሉን አልዘረጋችም። ከጎተራው ጥቂት ጤፍ ቆንጥራ፣ አራት ፍሬ መርጣ መዳፋቸው ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደረችላቸው፤ አንዷ ፍሬ አንድ ሚሊሜትር ያህል ናት።

«አባ፣ ከመስከረም ወዲህ ከሞጆ ይህን ያህል ርቀናል።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይህን ያህል?»

«ይህን ያህል።»

«በየትኛው በኩል?»

«እኛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርሲ በኩል።»

ኦቦ ጫምሳ ወደ አርሲ በኩል ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ፊታቸው ሁሉ ሳቅ ሆነ። «እንግዲያው የአማትሽ ቤት በየዓመቱ እየራቀኝ ነው። ለኦሊቃ ንገሪው፤ ለነዳጅ ይዘጋጅ!» ጎረቤቱን እየጠሩ ጤፉን ያሳዩ ጀመር። ፍሬዎቹ ከእጃቸው ሲወድቁ ሌላ ይቆነጥራሉ፤ አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ይሆናል። «አራት ናቸው፣ አባ!» ትላለች ዲንቄ። «ተይው፣ እስኪነጋ ይጨምራል» ይሏታል።

ባለፈው ወር ሦስተኛውን ጣቢያ ቆቃ ተከልን። ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ዓለት ላይ ነው፤ ቦታውን የሰጠን ደገፋ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነው። ኮንክሪቱን እሱና ጓደኞቹ አቦኩልን፤ አንቴናውን ዲንቄ በውሃ ልክ አስተካከለችው። ምሳ ሰዓት ላይ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልን። ልክ ያኔ ላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያው ንባብ ገባ።

ዲንቄ ዓሣውን ትታ ቆመች። አሃዞቹን እንደ ኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች፤ ሚሊዮኑን፣ ሺሁን፣ ነጥቡን፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትንም አንድ በአንድ። ጀልባ ሲጠግኑ የነበሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቀረቡ።

«ይሄ ሁሉ ቁጥር የምንድን ነው?» አለ ደገፋ።

«ይቺ የቆምክባት ድንጋይ ያለችበት ቦታ ነው» አለችው።

«ድንጋይዋማ እዚህ ናት፤ ለዚህ ይሄ ሁሉ?»

«ዛሬ እዚህ ናት!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሁለተኛው ንባብ ገባ፤ ዓሣው እየቀዘቀዘ እንደገና ከመጀመሪያው አሃዝ ጀመረች።